መነጽር ተጠርጎ እስኪያልቅ

ያለፈው ዓርብ በጡረታ ከሥራ ተሰናበትኩ። ልጄ ሐና ኬክ ገዝታ መጣችና ቆርሰን ስንበላ፣ «እማዬ፣ ሰው እናትሽ ምን ነበር የምትሠራው ሲለኝ ግን ምን ልበል? እኔ እኮ ሁሌ ብረት ፋብሪካ ነው የምለው» አለችኝ። ኬኩን ሳህኑ ላይ መለስኩት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እርጥብ ጫማዬን በሯ ላይ እያወለቅኩ ስገባ ኖሬ፣ ልጄ የእናቷን ሥራ አታውቅም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ቤት ስገባ ስለ እግሬ ሕመም እንጂ ስለ ሥራዬ አውርቼ አላውቅም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ሰው ስለሆንኩ ለመጻፍም አልደፍርም ነበር። አሁን ጊዜ አለኝ። መነገር ያለበት ነገርም አለ።

ሥራዬ የብረት ሲሊንደር መፈተን ነበር። ውሃ ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች ጀርባቸው ላይ አዝለው የሚገቡትን፣ አየር የታመቀበትን ሲሊንደር ማለቴ ነው። ባሕሩ ከእኛ ሩቅ ነው፤ ዳላስና ፎርትዎርዝ ዙሪያ ግን ሐይቅ ሞልቷል፣ ሰዉም ውሃ ለመግባት ቅዳሜ እስኪደርስለት አያስችለውም። ሲሊንደሩ በየአምስት ዓመቱ መፈተን አለበት። ቀኑ ካለፈበት አየር የሚሞላለት ሱቅ የለም፤ ልክም ናቸው። አንዱ ሲሞላ ቢፈነዳ ሱቁንም የሚሞላውንም ሰው ይዞ ይሄዳል።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መብራት ወደ ውስጥ ይገባና ዝገቱና ስንጥቁ ይታያል። ከዚያ ሲሊንደሩ በውሃ ይሞላና ውሃ ባለበት ወፍራም የብረት በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ክዳኑም ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። ከበርሜሉ ቁጥር የተጻፈበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ወደ ላይ ይወጣል። ፓምፑ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ሲጫነው ሲሊንደሩ ያብጣል። አዎ፣ ብረት ያብጣል፤ በዓይን አይታይም እንጂ። ሲያብጥ በዙሪያው ያለውን ውሃ ይገፋዋል፣ ያ ውሃ በመስታወቱ ቱቦ ሽቅብ ይወጣል። ግፊቱ ሲለቀቅ ብረቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ውሃውም ይወርዳል። የደከመ ብረት ግን እንደተለጠጠ ይቀራል። ካበጠው ውስጥ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ሳይመለስ ከቀረ ሲሊንደሩ ወድቋል። በወደቀው ላይ፣ አንገቱ ሥር ባለው ቁጥር ላይ፣ በብረት ማኅተምና በመዶሻ ኤክስ ኤክስ ኤክስ ይመታበታል። ከዚያ በኋላ ማንም አየር አይሞላለትም። ይግባኝም የለውም።

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ዓይኔ ነው። በወጣትነቴ አዲስ አበባ አንድ የለስላሳ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ታጥቦ በነጭ መብራት ፊት ከሚያልፈው ጠርሙስ መሀል አፉ የተሸረፈውንና ታቹ የተሰነጠቀውን እየለቀምኩ አሥራ አንድ ዓመት ቆምኩ። አሜሪካ መጥቼ ኤርፖርት ውስጥ የአውሮፕላን ምግብ ትሪ አጠብኩ፤ ቀጥሎ ግራንድ ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሸግኩ። የመጋዘኑ አለቃ ቀርፋፋ ነሽ ብሎ አባረረኝ። ቀርፋፋ አልነበርኩም፤ የተቀደደ ካርቶን አላሳልፍም ብዬ ነው። እያለቀስኩ ስወጣ ጎን ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ በር ላይ ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ።

የተቀበሉኝ ሚስተር ዌንደል ናቸው። ቁመታቸው በር የሚያጎነብሳቸው፣ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ። ምንም ሳይጠይቁ አንድ ሲሊንደርና ረጅም መብራት አቀበሉኝና፣ «ምን ይታይሻል?» አሉኝ።

«ጉድጓድ አለ። እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ። ከታች፣ በስተግራ።»

መብራቱን ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩ። «ከአንቺ በፊት ሁለት ሰዎች አልፈውታል» አሉ። «ሰኞ ነይ።»

ዘነበች የሚለው ስሜ አፋቸው ላይ ስላልገባ ሚስ ዚ አሉኝ፤ ሁሉም ሚስ ዚ አለኝ።

ሚስተር ዌንደል አያስተምሩም፤ ይሠራሉ፣ አንቺ ታያለሽ። ጠዋት ከሁሉ በፊት ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀውን አንድ ሲሊንደር ፈትነው መሣሪያው እውነት መናገሩን ያረጋግጣሉ። ለነገ የሚፈተነውን ሁሉ ዛሬ ማታ ውሃ ሞልተው በርሜሉ ጎን ያሳድሩታል። «ውሃና ውሃ አንድ ቤት ይደሩ» ይላሉ። የሚያነቡትን ቁጥር ጮክ ብለው ይጠራሉ፣ እኔ እደግመዋለሁ፣ ከዚያ ነው በእርሳስ የሚጻፈው። ያለፈው ሲሊንደር ላይ ወሩንና ዓመቱን ሲመቱ መዶሻው ድምፅ እንኳ ያለው አይመስልም። እኔ ስመታ፣ «ሚስ ዚ፣ ስም ነው የምትጽፊው፤ ሚስማር አይደለም» ይሉኝ ነበር።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበራቸው። ሲሊንደሩ በርሜል ገብቶ፣ የመስታወቱ ውሃ ዜሮ ላይ ከተስተካከለ በኋላ፣ ፓምፑን ከመክፈታቸው በፊት መነጽራቸውን ያወልቃሉ። በሸሚዛቸው ጫፍ የመነጽሩን አንዱን መስታወት፣ ከዚያ ሌላውን በዝግታ ይጠርጋሉ። መልሰው ያደርጉና ቱቦውን ያያሉ። ከዚያ ነው ፓምፑ የሚከፈተው። በቀን ሃያ ጊዜ።

«ሚስተር ዌንደል፣ መስታወቱ በጥረጋ ሊያልቅ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ካለቀ አዲስ አስገባለሁ» አሉና መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

አለቃችን ሮጀር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ። ከእሱ ጋር የተጣላነው በመደመር ምልክት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ የብረት ሲሊንደር የሚሞላበት ግፊት ሁለት ሺህ አራት መቶ ተብሎ ተመትቶበታል። ሲፈተን እብጠቱ ለእሱ ዓይነት ከተወሰነው ልክ ካላለፈ፣ ከቀኑ ጎን የመደመር ምልክት ይመታለታል። ያ ምልክት ያለው አሥር በመቶ ተጨምሮ እስከ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ይሞላል። ለጠላቂው ውሃ ሥር ተጨማሪ ትንፋሽ ማለት ነው። ግን ልኩን ከመዝገብ መፈለግና ማስላት ስለሚያስፈልግ፣ ሮጀር ለትልልቆቹ የጠላቂ ሱቆች ብቻ እናድርግ አለ። አንድ ሲሊንደር ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን ቀኑን ብቻ።

«ለምን?» አልኩት።

«ሚስ ዚ፣ አልጠየቁም እኮ።»

«ብረቱ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያውቃል እንዴ? ያገኘውን ለምን እንከለክለዋለን?»

«ጊዜ የለንም።»

«እኔ አለኝ። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ።»

ቆሜ በላሁ። ሚስተር ዌንደል የየፋብሪካውን ልክ በእርሳስ የጻፉበትን ደብተር አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጄ ያለፈ ሲሊንደር ሁሉ የሚገባውን አግኝቷል ብዬ እኮራ ነበር። ኩራቱን የምናገረው ወድጄ አይደለም፤ የሚከተለው እንዲገባችሁ ነው።

ሚስተር ዌንደል ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ቤድፎርድ ቤታቸው ገቡ፤ በርሜሉ ለእኔ ቀረ። ኢኮኖሚው የወደቀበት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ለባንክ እያስረከበ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ሮጀር ደንበኛ እንዳይሸሸው ሁሉንም ነገር ዛሬ፣ ዛሬ ይላል። በኦገስት፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ሚስተር ክላይድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ከዴንተን አንድ ሲሊንደር ይዘው መጡ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ነው፤ አንገቱ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባች ነጥብ አለች።

«የባለቤቴ ነው» አሉኝ። «የእኔና የእሷ መንታ ስለሆኑ እንዳይምታታ ዶሪስ ነጥብ አደረገችበት። ከሞተች ወዲህ ማንም አልነካውም። ነገ ልጄ ከካሊፎርኒያ ትመጣለች። የእናቷን ተሸክማ፣ እኔ የእኔን ተሸክሜ ቅዳሜ ሐይቅ ልንገባ ነው። ይደርስልኛል?»

ማደር አለበት ልል አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁና፣ «ይደርሳል» አልኩ።

የውስጡ ቧንቧ ተይዞ ስለነበር ሲሊንደሩን ግቢ አውጥቼ እዚያ በተዘረጋው የውሃ ጎማ ሞላሁት። በርሜል አስገባሁት። ዜሮውን አስተካከልኩ፣ ፓምፑን ከፈትኩ። ውሃው ወጣ። ሠላሳ ሰከንድ ያዝኩ፣ ለቀቅኩ። ውሃው ወረደ፣ ወረደና ዜሮ ሳይደርስ ቆመ። ከአሥር አንድ ሳይሆን ከአሥር ሁለት ቀርቶ ነበር። ቁጥሩን ለብቻዬ ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ የሚደግምልኝ ሰው አልነበረም። ሕጉ ግልጽ ነው። መዶሻዬን አነሳሁና ኤክስ ኤክስ ኤክስ መታሁበት። ቀይዋን ነጥብ እንዳልነካት ተጠንቅቄ ነበር።

ስልክ ስደውልላቸው፣ «አርጅቶ ነዋ» አሉ። «ልጄን እስክሸኝ እዚያው ይቆይልኝ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እጄ ቅባት ነክቶት ግቢ ወጣሁና ያንኑ ጎማ ከፈትኩ። ውሃው እጄን አቃጠለኝ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የተጋደመ ጎማ ነው፣ ውስጡ ያለው ውሃ ሻይ ያፈላል። እጄን ይዤ ቆምኩ። የሚስተር ክላይድን ሲሊንደር የሞላሁት በዚህ ውሃ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ቤድፎርድ ሄድኩ። ሚስተር ዌንደል በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጎማውን፣ ቁጥሩን፣ ኤክሱን።

«ዜሮ ላይ ካደረግሽው በኋላ ጠበቅሽ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት፣ ሲያስቡ እንደሚያደርጉት፣ መነጽራቸውን አወለቁ። በሸሚዛቸው ጫፍ አንዱን መስታወት ጠረጉ። ሌላውን ጠረጉ። መልሰው አደረጉና አዩኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ስድስት ዓመት አጠገባቸው ቆሜ መነጽሩን ሳይ ኖሬያለሁ፤ እሳቸው ሲጠብቁ የነበሩት ውሃውን ነው። ሲሊንደሩ ትኩስ ከሆነ የበርሜሉን ውሃ ያሞቀዋል፣ የሞቀ ውሃ ደግሞ ያለ ምንም ግፊት በቱቦው ይወጣል። መነጽር ተጠርጎ እስኪያልቅ ዜሮው ካልተንቀሳቀሰ ሁለቱ ውሃዎች ተስማምተዋል። ከተንቀሳቀሰ ግን የሚነበበው ቁጥር የብረቱ አይደለም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ያሳየሁሽ መስሎኝ» አሉ። «እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ እዚያች ቦታ ላይ ሲጋራ ይለኩስ ነበር። እኔ አላጨስም፣ ስለዚህ መነጽሬን ጠረግኩ። ቃል አውጥቼ ያልነገርኩሽ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«መዶሻው በእኔ እጅ ነበር» አልኳቸው።

ሰኞ ከሁሉም በፊት ገባሁ። የሚስተር ክላይድን ሲሊንደር ዓርብ ማታ ውሃ ሞልቼ አዳራሹ ውስጥ አቆይቼው ነበር። ሲሊንደር እየጫነ የሚያመላልሰው ጌታሁን፣ በሎተሪ የመጣ የጎንደር ልጅ፣ ቀድሞኝ ደርሶ ነበርና አግዘኝ አልኩት።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ ኤክስ ተደርጓል። ሶ ለምንድነው ቴስት የሚያደርጉት?»

«እውነቱን ለማወቅ።»

«ደህና ቢሆንስ? ኤክሱ አይጠፋ።»

«ዝም ብለህ ያዝልኝ።»

ዜሮ ላይ አደረግኩት። የምጠርገው መነጽር ስለሌለኝ የራሴን ሻሽ ፈትቼ፣ አራግፌ፣ እንደገና አሰርኩ። ውሃው ቁጭ እንዳለ ነው። ፓምፑን ከፈትኩ፤ ወጣ። ለቀቅኩት፤ ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ከደብተሩ ልኩን አየሁ። የመደመር ምልክት እንኳ የሚገባው ነበር። ክዳኑ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ጌታሁን የሚያደርገው ጠፍቶት ወረቀት መሀረብ አመጣልኝ።

ሮጀር ሲደርስ ነገርኩት። ፊቱ ቀላ።

«ለሰውየው ልትነግሪው ነው?»

«አዎ።»

«ሚስ ዚ፣ ወድቋል ብሎ ተቀብሏል። ሕጉ እንደሆነ ተመልሶ እንዲሞላ አይፈቅድም። ብትነግሪው የሚያገኘው ሐዘን ብቻ ነው። ከከሰሰን ደግሞ ሁላችንም ቤታችን እንገባለን።»

ንግግሩ እውነት ነበረበት፤ የከበደኝም እሱ ነው። ለጌታሁን ስነግረው እሱም፣ «ማዘር፣ ማለቴ... ዝም ቢሉ አይሻልም? ሥራዎትን ያጣሉ እኮ» አለኝ። ግን ስለ መደመር ምልክት ምሳዬን ቆሜ የበላሁ ሴት ነኝ። ሌላው ሲሳሳት የምጮኽ፣ እኔ ስሳሳት ግን ዝም የምል ከሆንኩ ያ ሁሉ ጩኸት ለራሴ ስም ነበር ማለት ነው። ለሮጀር፣ «ከፈለግህ አባረኝ፤ እኔ ግን እነግራቸዋለሁ» አልኩት። በሩን አላትሞ ገባ። አላባረረኝም። ያን ሐሙስ የፈተንኳቸውን የሌሎች ሰዎች ሁለት ሲሊንደሮች አስመልሼ እንደገና ስፈትን ግን ስልኩን አንስቶ ባለቤቶቹን የጠራልኝ እሱ ነው።

ሚስተር ክላይድ ማክሰኞ መጡ። ቆሜ ነገርኳቸው፤ እንግሊዝኛዬ ቢሰባበርም አንድ ነገር አልዘለልኩም።

«ደህና ነበር ማለት ነው?» አሉ።

«ደህና ነበር።»

«ኤክሱን የመታሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ቀይዋን ነጥብ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። «ታዲያ ለምን ነገርሽኝ? አርጅቷል ብዬ ለልጄም ነግሬ፣ ሌላ ተከራይቼላት፣ ነገሩን ጨርሼው ነበር።»

«ባለቤትዎ በደንብ ይዘውት ነበር» አልኳቸው። «ዝገት የለበት፣ ድካም የለበት። የደከመው እኔ የሠራሁት ሥራ ነው። በእሳቸው ላይ እንዲቀር አልፈለግኩም።»

ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን አቅፈው አነሱት። ደህና ዋይ አላሉኝም። መኪናቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብለው ቆዩ፤ እኔም በመስኮት እያየኋቸው ቆየሁ። ከዚያ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ያለ ማደር የተፈተነ ሲሊንደር የለም። ሮጀር ተነጫነጨ፣ ተቀበለም። ከበርሜሉ በላይ ግድግዳው ላይ በትልቁ፣ ሐና በእንግሊዝኛ ጽፋልኝ፣ «ዜሮ ካደረግህ በኋላ ጠብቅ፤ ውሃውን እይ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር፤ ደክሞኝ ስለነበር ሌላ ቀን አልኳት። ያ ሌላ ቀን ይኸው ዛሬ ሆነ። የእኔን ቦታ አሁን የያዘው ጌታሁን ነው። ሳስተምረው፣ «ማዘር፣ እኔ ሻሽ የለኝ፣ ምን ልፍታ?» ብሎ ይቀልድብኝ ነበር። «የጫማህን ክር ፍታ፤ ብቻ ውሃው ለምን እንደሚጠበቅ ለሚመጣው ሰው በአፍህ ንገረው» አልኩት።

ከዚያ ኦገስት ቀጥሎ በመጣው ኤፕሪል፣ እኔ ገና ሥራ ላይ እያለሁ፣ አንድ ጠዋት፣ ሚስተር ክላይድ በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ሌላውን መንታ ይዘዋል፣ የራሳቸውን። ከስተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

«ቀኑ ሊያልፍበት ነው» አሉ። «ሐኪሙ ከእንግዲህ ውሃ አትገባም ብሎኛል። ለልጄ ልሰጣት ነው። የቀረን እሱ ብቻ ነው።» ዙሪያውን አዩ። «አንቺ ነሽ የምትፈትኚው?»

«ካልፈለጉ ሌላ ሱቅ አለ። አድራሻውን እጽፍልዎታለሁ።»

«አንቺ እንድትፈትኚው ነው ከዴንተን የመጣሁት» አሉ። «ሌላው ሱቅ ቢሳሳት ማን ይነግረኛል?»

«እንግዲያው ያድራል።»

«ይደር።»

በማግስቱ ተመልሰው መጡ፤ ወንበር አምጥቼ ቱቦው የሚታይበት ቦታ አስቀመጥኳቸው። ዜሮ ላይ አደረግኩ። ሻሼን ፈታሁ፣ አራገፍኩ፣ አሰርኩ። ሚስተር ክላይድ ውሃውን እንጂ እኔን አላዩም። አልተንቀሳቀሰም። ፓምፑን ከፈትኩ፤ ወጣ። ሠላሳ ሰከንዱ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ለቀቅኩት። ውሃው ሲወርድ ምርኩዛቸውን ጨብጠው ነበር። ወረደ፣ ወረደ፣ ከዜሮ አንድ ፀጉር ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ጠራሁት። እሳቸው ደገሙት።

ልኩን ከደብተሩ አየሁ። ወሩን መታሁ፣ ዓመቱን መታሁ፣ ከጎኑም የመደመር ምልክቱን፤ ሚስተር ዌንደል እንዳስተማሩኝ፣ ቀስ አድርጌ።

ሚስተር ክላይድ ከሸሚዛቸው ኪስ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ያረጀ ቀይ የጥፍር ቀለም ነው፤ ክዳኑ ደርቆ ተጣብቋል። «የዶሪስ ነው። ይሄኛው ነጥብ ኖሮት አያውቅም» አሉ። «እጄ ይንቀጠቀጣል። አንቺ አድርጊልኝ።»

ክዳኑን በሙቅ ውሃ ነክሬ ከፈትኩት። ከመደመር ምልክቱ አጠገብ አንዲት ነጥብ አደረግኩ። ሊያነሱት እጃቸውን ሲዘረጉ ያዝኳቸው።

«ይድረቅ» አልኳቸው። «እንጠብቅ።»

ወንበሩን ሳብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። ጎናቸው ቁጭ ብዬ፣ ሁለታችንም ነጥቧን እያየን፣ ጠበቅን።